ሮክፌለር ከየት መጣ? የአንድ የጀርመን ቤተሰብ ስም አመጣጥ የጉዳይ ጥናት

በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ላሪሰንስ ኮርነር በሚባል ስፍራ ባለ አሮጌ የመቃብር ቦታ፣ የነዳጅ ከበርቴው ጆን ዴቪሰን ሮክፌለር በ1906 ያስቆመው የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ የሚዘክረው በ1723 ገደማ ከጀርመን የመጣውን ዮሐን ፔተር ሮክፌለርን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።) ለትውልድ ሐረግ አጥኚ ግን ድንጋዩ ከሚመልሰው ጥያቄ የሚያስነሣው ይበልጣል። በ1723 «ጀርመን» የሚባል አንድ መንግሥት አልነበረም። የነበሩት በቅድስት ሮማ ግዛት ጥላ ሥር ሆነው እያንዳንዳቸው በመስፍን፣ በጳጳስ ወይም በከተማ ምክር ቤት የሚተዳደሩ በመቶ የሚቆጠሩ ግዛቶች ናቸው፤ መዝገቦቻቸውም እስከ ዛሬ በየስፍራው ተበታትነው ይገኛሉ። በላዩም ላይ ስለዚሁ ቤተሰብ ሌላ ታሪክ ይነገር ነበር። ስሙ በመሠረቱ ጀርመንኛ ሳይሆን ፈረንሳይኛ ነው፣ ዘሩም በደቡብ ፈረንሳይ «ሮክፈይ» ከሚባል የመኳንንት ቤት የሚወረድ ነው፣ አባቶቹም በሃይማኖታቸው ምክንያት ተሰድደው ወደ ራይን ወንዝ ዳር የገቡ ሁጉኖቶች፣ ማለትም የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች ናቸው የሚል ታሪክ ነው።

ይህን ጉዳይ የመረጥሁት ስለ ባለጠጋው ለማውራት አይደለም። በጀርመን የቤተሰብ ስም ጥናት ውስጥ ጀማሪ የሚወድቅባቸው ሁለት ጉድጓዶች፣ ማለትም የድምፅ ተመሳሳይነትና የመዝገበ ቃላት ፍቺ፣ እዚህ ጎን ለጎን ስለሚገኙ ነው። ሰነዱም ብዙ ሰው የፈተሸው በመሆኑ አካሄዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማሳየት ይቻላል።

አንባቢው የራሱን አገር ሥርዓት ለጊዜው ወደ ጎን ማድረግ ይኖርበታል። እኛ ዘንድ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም፣ አባትም በአያት ስም ስለሆነ ስሙ በየትውልዱ ይለዋወጣል፤ ሐረግ የሚቆጠረውም ስሞቹን እንደ ሰንሰለት በመቀጠል ነው። በጀርመን አገር ግን ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ፣ በመጀመሪያ በራይን ዳርና በደቡብ ከተሞች፣ ቀጥሎም በገጠርና በሰሜን፣ አንድ ቅጽል ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ መተላለፍ ጀመረ። ቅጽሉ አንዳንዴ የአባት ስም ነው፤ «ፔተርስ» እንደሚባለው። አንዳንዴ ሙያ ነው፤ «ሙለር» ባለወፍጮ፣ «ሽሚት» ቀጥቃጭ፣ «ሽናይደር» ልብስ ሰፊ ማለት ነው። አንዳንዴ መልክ ወይም ጠባይ ነው፤ «ክላይን» ትንሽ ማለት ነው። አንዳንዴ ሰውየው የሚኖርበት ስፍራ ነው፤ «ባህ» ወንዝ ዳር ያለ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሰውየው የመጣበት መንደር ስም ላይ «ኤር» የሚል መድረሻ ተጨምሮ የሚወጣ ነው። የመጀመሪያው የምዕራብ ጀርመን መራሔ መንግሥት የኮንራድ አደናወር ስም በአይፈል ኮረብታዎች ካለችው ከአደናው ከተማ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ስሙ አንዴ ከረጋ በኋላ ግን ከሰውየው ሕይወት ጋር ያለው ግንኙነት ይበጠሳል። ዮሐን ፔተር በቤተሰቡ ትረካ ባለወፍጮ ነበር ይባላል፤ ሆኖም «ሙለር» አልተባለም፣ ምክንያቱም በእሱ ዘመን ስሙ አስቀድሞ የተወረሰ ነበርና።

ምርመራው የሚጀመረው ከቅርቡ ነው፤ ከሚታወቀው ሰው ወደማይታወቀው አንድ ትውልድ እየተኬደ። ጆን ዴቪሰን በ1839 በኒው ዮርክ ግዛት ሪችፎርድ ተወለደ። አባቱ ዊልያም ኤቨሪ፣ አያቱ ጎድፍሬይ፣ የአያቱ አባት ዊልያም፣ የዚያም አባት በ1711 የተወለደው ፔተር፣ የፔተርም አባት ድንጋዩ የቆመለት ዮሐን ፔተር ነው። ይህ በአንድ ትንፋሽ የሚነበብ ሰንሰለት ገና በመጀመሪያው ቀለበት ላይ ወጥመድ አለው። የጆን ዴቪሰን አባት ዊልያም ኤቨሪ መድኃኒት እያዞረ የሚሸጥ፣ በሌላ ስፍራ ሌላ ሚስት አግብቶ «ዶክተር ዊልያም ሌቪንግስተን» በሚል ስም የሚኖር ሰው ነበር። በ1906 ሲሞት የተቀበረውም በኢሊኖይ ግዛት ፍሪፖርት ከተማ፣ በዚሁ በተዋሰው ስም ነው። ልጁ ለሩቅ ቅድመ አያቱ ድንጋይ ባስቆመበት ዓመት የገዛ አባቱ መቃብር የሌላ ሰው ስም ተሸክሞ ቆመ። ስምን ብቻ ተከትሎ መቃብር ለመቃብር የሚሄድ አጥኚ እዚህ ላይ መንገዱ ይቆረጥበታል።

ሌላም ቋጠሮ አለ። የጆን ዴቪሰን ቅድመ አያት ዊልያም ያገባት ክርስቲና ከጋብቻዋ በፊትም ሮክፌለር ነበረች። እሷ በኒው ዮርክ ግዛት በሃድሰን ወንዝ ዳር ጀርመንታውን በሚባለው መንደር የሰፈረው የዲል ሮክፌለር የልጅ ልጅ ስትሆን፣ ዊልያም ደግሞ የዮሐን ፔተር የልጅ ልጅ ነው። በእኛ ቤት ቢሆን ሽማግሌ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚመረምረው ጋብቻ ነው፤ ለአጥኚው ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል አንድ ስም ሲያገኝ ሁለቱን ቅርንጫፎች አደበላልቆ የአንዱን ልጆች ለሌላው መስጠት እጅግ ቀላል ነው። ስለዚህ ጥንቁቅ አጥኚ የኒው ጀርሲውንና የኒው ዮርኩን ቅርንጫፍ እስከ መጨረሻው ለየብቻ ይመዘግባል እንጂ «ስማቸው አንድ ስለሆነ ወንድማማች ናቸው» ብሎ አይጀምርም።

ወደ ባሕሩ ዳር ስንደርስ ብዙዎች የሚጠብቁት ሰነድ የመርከብ ዝርዝር ነው። ፔንሲልቬንያ ከባሕር ማዶ የሚመጡ ጀርመናውያን ስማቸው እየተጻፈ ለእንግሊዝ ንጉሥ የታማኝነት መሐላ እንዲፈጽሙ ማድረግ የጀመረችው ግን በ1727 ነው። ከዚያ በኋላ ለመጣ ሰው እነዚህ ዝርዝሮች ወርቅ ናቸው፤ በ1723 ገደማ የመጣው ዮሐን ፔተር ግን አራት ዓመት ቀድሟቸዋል። ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ አለመገኘቱ ስለ እሱ አንዳች አያረጋግጥም፣ አንዳችም አያፈርስም። ሰነድ ከመፈለግ በፊት ሰነዱ መቼ እንደተጀመረ መጠየቅ ስንት ወር ድካም እንደሚያድን ይህን ሥራ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በምትኩ የሚሠራባቸው የመሬት ሽያጭ ውሎች፣ የኑዛዜ ወረቀቶችና የጀርመን ካልቪናውያን ምእመናን፣ ማለትም የካልቪንን ትምህርት የሚከተሉ ፕሮቴስታንቶች፣ የቤተ ክርስቲያን መዝገቦች ናቸው።

በእነዚህ ወረቀቶች ውስጥ ስሙ አንድ መልክ የለውም። ሮክፌለር፣ ሮካፌለር፣ ሮከንፌለር፣ አልፎም «ሮካፌሎ» ተብሎ ይገኛል። የመጨረሻው የሚያስቅ ነው፤ እንግሊዛዊው ጸሐፊ የማያውቀውን የጀርመን መድረሻ ሰምቶ በሚያውቀው ቃል፣ ጓድ ወይም ባልንጀራ በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተካው ማለት ነው። የተለያየ አጻጻፍ የተለያየ ቤተሰብ ማለት አይደለም፤ ጸሐፊው የጻፈው በጆሮው የገባውን ነው። ለአመጣጥ ጥናት ግን ከቅርጾቹ ሁሉ ክብደት የሚሰጠው አሮጌውና ለትውልድ ስፍራው የቀረበው ነው። እሱም «ን» ያለበት «ሮከንፌለር» ሆኖ ይገኛል።

ይህ ቅርጽ አጥኚውን የሚወስደው ከኮብሌንትስ ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በራይን ወንዝ ቀኝ ዳርቻ ወዳለው ወደ ቀድሞው የቪድ ግዛት፣ ወደ ዛሬው የኖይቪድ አካባቢ ነው። የዮሐን ፔተር መነሻ ተብላ የምትጠቀሰው ዜገንዶርፍ ዛሬ በኖይቪድ ከተማ ሥር ናት። ከዚያው ብዙም ሳይርቅ በፌልድኪርሸን ክልል «ሮከንፌልድ» የምትባል ትንሽ መንደር ነበረች። የቤተሰቡ የሐረግ ዝርዝሮችም ወደ ኋላ ሲሄዱ በዚሁ በፌልድኪርሸን ሰበካ ባለው በፋር፣ በ1590 ገደማ ተወለደ ከሚባለው ጎዳርድ ሮከንፌለር ዘንድ ይደርሳሉ።

እዚህ ደረጃ ላይ የሚከፈቱት የሰበካ መዝገቦች ናቸው፤ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ በመንግሥት ክብር መዝገብ ሹም እጅ የገባው በመላው የጀርመን ግዛት በ1876 ነውና ከዚያ በፊት ያለው አብዛኛው በቄሶች እጅ የተጻፈ ነው። የእጅ ጽሕፈቱ «ኩረንት» ይባላል፤ ዛሬ ጀርመናውያን ራሳቸው ሳይማሩ አያነቡትም። በዚህ ጽሕፈት የላቲኑ «ኢ» ሁለት ቀጫጭን የተጠጋጉ ጭረቶች ነው፣ «ኤን» ደግሞ ትንሽ ፈታ ያሉ ሁለት ጭረቶች ነው። «ሮከንፌለር» በሚለው ስም ውስጥ እነዚህ ሁለት ፊደላት ተከታትለው ስለሚመጡ፣ አንባቢው የሚያየው አራት ወደ ላይና ወደ ታች የሚወርዱ ጭረቶች ብቻ ነው፤ የት ላይ አንዱ ፊደል አልቆ ሌላው እንደሚጀምር የሚለየው ዓይን ሳይሆን ልማድ ነው። የቤተሰቡ ስም «ን» አለው ወይስ የለውም የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ በእነዚህ አራት ጭረቶች ላይ ይንጠለጠላል። መላው ቀላል ነው፤ የዚያኑ ቄስ እጅ ይዞ ሌሎች የታወቁ ቃላትን፣ ለምሳሌ የወራትን ስም፣ እንዴት እንደጻፋቸው ማስተያየት ነው።

በዚሁ መዝገብ ሴት ልጅ ስትጻፍ በስሟ መጨረሻ «ኢን» ይጨመራል፤ «ሮከንፌለሪን» የሌላ ቤተሰብ ስም ሳይሆን የሮከንፌለር ሴት ልጅ ወይም ሚስት ማለት ነው። «ዮሐን» የሚለውም የመጀመሪያ ስም በአንድ ቤት ላሉ ወንዶች ልጆች ሁሉ ሊሰጥ ይችላል። ዮሐን ፔተር፣ ዮሐን ቪልሄልም፣ ዮሐን ቲል እየተባለ ሲጻፍ ሰውየው በቤቱ የሚጠራው በሁለተኛው ነው። አሜሪካ ገብቶ «ዲል» የተባለው ስም በራይን አካባቢ የዲትሪሽ አጭር መጠሪያ የሆነው ቲል ወይም ዲል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ መዝገብ ውስጥ «ዮሐን ቲል» የሚል ሲያገኝ አያልፈውም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የክርስትና አባትና እናት ስም ነው። የጥምቀት መዝገብ ምስክሮቹን ከነመንደራቸው ስለሚጽፍ፣ ሁለት የስም ተጋሪ ቤቶች ልጆቻቸውን አንዱ ለሌላው ክርስትና ሲያነሡ መታየታቸው ዘመድነትን ለመገመት ከስም አንድነት የበለጠ መሠረት ይሰጣል። መዝገቦቹ ብዙ ስፍራ ከ1618 እስከ 1648 በቆየው የሠላሳው ዓመት ጦርነት ስለጠፉ ወይም ከዚያ በኋላ ስለተጀመሩ፣ ከዚያ ወዲያ የሚኬደው በግብር ዝርዝርና በኖይቪድ ባለው የቪድ መሳፍንት ቤተ መዛግብት ነው። አንድ ገባር ከግዛቱ ለመውጣት ከጌታው ፈቃድ መጠየቅና መክፈል የሚገደድበት ዘመን ስለነበረ፣ የክፍያ መዝገብም የስደተኛን ስም ይዞ ሊገኝ ይችላል።

አሁን ወደ ስሙ አካል እንመለስ። ከሮከንፌልድ የመጣ ሰው በሥርዓቱ «ሮከንፌልደር» መባል ነበረበት። «ልድ» እንዴት «ልል» ሆነ? መልሱ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአገሬው አፍ የሚገኝ ነው። በዚያ አካባቢ ቀበልኛ ከ«ል» በኋላ የሚመጣው «ድ» በ«ል» ይዋጣል። ከኖይቪድ ጀርባ የሚነሣው ደናማ አገር ቬስተርቫልድ ይባላል፤ «ቫልድ» ደን ማለት ነው፤ ነዋሪዎቹ ግን እስከ ዛሬ ራሳቸውን የሚጠሩት «ቬልደር» ብለው ሳይሆን «ቬለር» ብለው ነው። ፌልደር ፌለር የሆነው ልክ ቬልደር ቬለር በሆነበት መንገድ ነው። እንዲሁም በራይን ቀበልኛዎች በቃል መጨረሻ ያለው «ኤን» በንግግር ስለማይሰማ፣ «ሮከን» የሚለው ክፍል ከአገሬው አፍ ሲወጣ ገና ከጅምሩ «ሮከ» ነው። ስለዚህ በአሜሪካ «ን» የጠፋው የእንግሊዝ ጸሐፊ ስላበላሸው ብቻ ነው የሚለው የተለመደ አባባል ለእኔ ሚዛን አይደፋም፤ ጸሐፊው የሰማውን በታማኝነት ጽፎ ሊሆን ይችላልና።

«ሮከን» ራሱ በመካከለኛው ዘመን ጀርመንኛ ራይ የሚባለው የስንዴና የገብስ ዘመድ የሆነው እህል ነው። የዛሬው መደበኛ ጀርመንኛ ይህንኑ እህል «ሮገን» ሲል፣ «ሮከን» የሚለውን የሚጠቀመው ፈታይ ሴት ባዘቶ ለምትጠመጥምበት ዘንግ ነው። ዘመናዊ መዝገበ ቃላት የገለጠ ጀማሪ የሮክፌለር አባቶች ፈታዮች ነበሩ ብሎ ቢደመድም አይገርምም። ሌላው ደግሞ «ሮክ» ካፖርት፣ «ፌል» ቆዳ መሆኑን አይቶ ቆዳ ሰፊ ያደርጋቸዋል። የተለመደው የመንደሩ ስም ፍቺ የራይ እርሻ ማለት ነው፤ ነገር ግን እሱም ቢሆን የሚነግረን ስለ መንደሩ መሬት እንጂ ስለ ቤተሰቡ ሥራ አይደለም። ለቤተሰቡ ስሙ «የሮከንፌልድ ሰው» ከማለት በቀር ሌላ ትርጉም የለውም። እንዲህ ያለው ስም ደግሞ የሚወጣው ሰውየው መንደሩን ሲለቅ ነው። ሁሉ የሮከንፌልድ ሰው በሆነበት በሮከንፌልድ ማንንም ከማንም አይለይም፤ ጎረቤት መንደር ሲገባ ነው የሚለይበት። የስሙ ተሸካሚዎች በመንደሯ ውስጥ ሳይሆን በዙሪያዋ ባሉ በፋር፣ በፌልድኪርሸንና በዜገንዶርፍ መገኘታቸው እንግዲህ ጥርጣሬ የሚያሳድር ሳይሆን የሚጠበቅ ነው። ሁለት ዝምድና የሌላቸው ሰዎች በተለያየ ጊዜ ከዚያች መንደር ወጥተው አንድ ስም ማግኘታቸውም የሚቻል ነው፤ የዮሐን ፔተርንና የዲልን ዝምድና በጥምቀትና በጋብቻ ሰነድ መፈተን ያስፈለገውም ለዚህ ነው። በአንድ ነገር ግን አጥኚው ዕድለኛ ነው። ስሙ «ኖይሽቴተር» ቢሆን ኖሮ በጀርመን ምድር ከሞሉት ኖይሽታቶች የትኛው እንደሆነ እየመረመረ ዕድሜውን በጨረሰ ነበር፤ ሮከንፌልድ ግን ተደጋጋሚ ስም አይደለም።

የፈረንሳዩ ታሪክ በዚህ ፊት ሊቆም ይችላል? የመጀመሪያው መሰናክል የዘመን ቅደም ተከተል ነው። ሁጉኖቶች በብዛት ወደ ጀርመን ግዛቶች የጎረፉት ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ለፕሮቴስታንቶች የአምልኮ ነፃነት የሰጠውን የናንትን አዋጅ በ1685 ከሻረ በኋላ ነው። የሮከንፌለር ስም በቪድ አገር የሚታየው ግን ከዚያ መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው፤ መንደሪቱም ከስደተኞቹ ትቀድማለች። ሁለተኛው፣ ከ«ሮክፈይ» ተነሥቶ «ን»ና «ለር» ያለበት ቅርጽ ላይ ለመድረስ የሚያስፈልገው የድምፅ ለውጥ በአካባቢው ቀበልኛ ወንድም የለውም፤ ከሮከንፌልድ የሚነሣው ግን እያንዳንዱ እርምጃ ምስክር አለው። ይሁን እንጂ ትረካው ከሜዳ የተነሣ ነው ማለት አልፈልግም። የቪድ ግዛት ሕዝብ ካልቪናዊ ነበር፣ ሁጉኖቶችም ካልቪናውያን ናቸው። መስፍኑ ፍሪድሪሽ በ1653 የመሠረታት ኖይቪድ በ1662 ለተለያዩ የሃይማኖት ወገኖች በሯን ከፍታ ነበር፤ በኒው ጀርሲም የቤተሰቡ መቃብር ያለው ከካልቪናውያን ምእመናን ዘንድ ነው። ሃይማኖቱ አንድ፣ ስሙ ለጆሮ የቀረበ፣ አካባቢው ስደተኛ የሚቀበል ሆኖ ሲገኝ ከአንድ የገጠር ባለወፍጮ ይልቅ አንድ ባላባት ቅድመ አያት መምረጥ ለሰው ልጅ የሚከብድ ነገር አይደለም። ባለግንብ ዘር የሚያጎናጽፍ የስም ፍቺ ሲመጣ አጥኚው ሁለት እጥፍ ማስረጃ መጠየቅ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

መጨረሻ ላይ የሚደረግ አንድ ቀላል ማመሳከሪያ አለ፤ ስሙ ዛሬ በጀርመን ካርታ ላይ የት እንደሚታይ መመልከት። የጀርመን ገበሬ ቤተሰብ ለመቶ ዓመታት ብዙም ከትውልድ መንደሩ ሳይርቅ ስለኖረ፣ ከስልክ ማውጫ የተሰበሰበ የስም ሥርጭት ብዙውን ጊዜ የስሙን አሮጌ ቀዬ ያሳያል። ሙለርና ሽሚት ካርታውን ሙሉ ይሸፍኑታልና በዚህ መንገድ የሚነግሩን የለም። ሮከንፌለር ግን ብርቅ ስም ነው፤ የሚጠራቀመውም በኖይቪድ ወረዳ ነው። የሮከንፌልድ መንደር ራሷ ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ ነዋሪዎቿ ለቅቀዋት ሰው አልባ ሆናለች። ባሕር ያልተሻገሩት የስሟ ተሸካሚዎች ግን እዚያው አጠገቧ፣ በየፖስታ ሣጥናቸው ላይ «ን»ዋን ሳይጥሉ ይኖራሉ።